እሑድ ልናስታርቅ፣ ሰኞ ልንፋታ

ሰኞ ልንፋታ ተቀጣጥረን እሑድ ሰው ልናስታርቅ ሄድን። ይህን ለሰው ሳወራ ሁሉም መጀመሪያ ይስቃል። ዛሬ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ዕለት ግን መኪናው ውስጥ የሚያስታርቅ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ለማስታወስ በጎን መስታወቱ ፊቴን ደጋግሜ አይ ነበር።

ወይንሸት እባላለሁ። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አነሣለሁ፣ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። ባሌ ተፈራ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ለሰው ሲነዳ ኖሮ፣ ሥራው በደራበት ጊዜ የራሱን ትራክ በብድር ገዛ። ያን ሰሞን ስልኩ አያርፍም ነበር። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ነበር፤ እዚህ ውጭ አገር፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ በምትባል ከተማ ያለችው ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማችን ጠበበችን፣ ቤት እንግዛ እያልን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈር እየዞርን የሰው በረንዳ እናማርጥ ነበር።

ከዚያ የጭነት ዋጋ ወረደ። ናፍጣ ተወደደ፣ ኢንሹራንሱ ጨመረ፣ ሞተሩ ደግሞ የሚበላሽበትን ጊዜ የሚያውቅ ይመስል ያኔ ተበላሸ። አንድ ጠዋት ሰዎች መጥተው ትራኩን ጎትተው ወሰዱት። ተፈራ በመስኮት ቆሞ አየና ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ትራኩ ሄደ፣ ዕዳው ቀረ። ማታ ማታ በእኔ መኪና ሰው ያመላልስ ጀመር፤ ቀን ቀን ግን ከዚያ ሶፋ አይነሣም።

ሰው ሲቸግረው ይጣላል ሲባል እሰማለሁ። እኛ አልተጣላንም። ብንጣላ ደግ ነበር። እሱ ዝም አለ፤ እኔ ደግሞ ድርብ ሺፍት እየሠራሁ የማወራበት ጉልበት አጣሁ። በመጨረሻ የቤታችን ወሬ "ቁልፉ የት አለ?" እና "ነዳጅ ሞልተሃል?" ብቻ ሆነ።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ዓይኔን ሳያይ "ወይንሸት፣ ብንለያይ ይሻላል" አለኝ።

"እሺ" አልኩት።

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ዕድሜዬን አብሬው የጨረስኩትን ሰው አትተወኝ ብዬ ልለምነው እንዴ? ጫማዬን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ገብቼ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን የለም፤ ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ።

ሁለት ቤት መከራየት ስለማንችል እዚያው አንድ ቤት ውስጥ ተለያየን። እሱ ሶፋው ላይ፣ እኔ መኝታ ቤት። ወሩ ሲያልቅ ሌላ ከተማ፣ ዌስት ሴንት ፖል የምትኖር የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ አንድ ክፍል ልገባ ተነጋገርኩ። የፍቺ ማመልከቻውን ሰኞ ጠዋት ሄደን ልናስገባ ተስማማን፤ ጠበቃም አላስፈለገን፣ የምንካፈለው ነገር የለም። ለሰው አልተናገርንም። እሑድ እሑድ በአንድ መኪና ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ ሰዉም "እናንተን አይቶ ነው ማግባት" ይለናል። እኛም "ተመስገን" እንላለን።

ቅዳሜ ከሰዓት ሕይወት ደወለች። ሕይወትና ባሏ ሚኪያስ ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ወጣቶች ናቸው። ሲጋቡ ወላጆቻቸው ከአዲስ አበባ መምጣት ስላልቻሉ፣ በአባትና በእናት ቦታ ቆመን መርቀን የዳርናቸው እኛ ነን።

"እትዬ ወይንሸት፣ ነገ ከጋሼ ጋር ኑልን። የትዳራችን ጉዳይ ነው" አለችኝ።

"ምን ሆናችሁ?"

"በስልክ አይሆንም። ሁለታችሁም መምጣት አለባችሁ።"

ለተፈራ ነገርኩት።

"ሌላ ሰው ይፈልጉ" አልኩት።

"ማን አላቸው?" አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ማንም የላቸውም። በአባትና በእናት ቦታ ከቆምክ በኋላ እኔ አልመችም ማለት አይቻልም።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ነጠላዬን አጥፌ አስቀምጬ፣ እሱም ኮቱን ደርቦ ስንወጣ ልጃችን ሶስና ከክፍሏ ብቅ አለች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ በአማርኛ ስናናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው።

"ዌይት፣ ቱጌዘር?" አለች፣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች፤ "አብራችሁ?" ማለቷ ነው።

"አዎ፣ ሕይወትና ሚኪያስን ልናስታርቅ" አልኳት።

"ዩ ቱ?" አለችና፣ "እናንተ ሁለታችሁ?" ማለቷ ነው፣ በሩን ዘጋች። ልጅቷ ምንም አታውቅም ብለን ነበር።

እሱ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። በረዶው ቀልጦ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጥቁር ቁልል ብቻ ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ስንገባ የከተማው ባቡር አጠገባችን ያልፋል።

"ምን ብለን ነው የምናስታርቃቸው?" አልኩት።

"እንደ ሽማግሌ።"

"በምን አፋችን?"

"ባለን አፍ ነዋ!" አለ፤ ተቆጥቷል። "የእኛን ጉዳይ እዚያ አታንሺው። ልጆቹ በእኛ ተስፋ እንዲቆርጡ አልፈልግም። መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ ሕይወትን ለብቻ ታናግሪያታለሽ። ሳይታረቁ ምንም አንቀምስም።"

እኔም የት ልሄድ፣ እሺ አልኩ። ስንት ጊዜ አብረን ሰው አስታርቀናል፤ ሥርዓቱን እናውቀዋለን። ሽማግሌ ነገሩ ሳያልቅ እህል ውኃ ከቀመሰ ዕርቁ ቀረ ማለት ነው። የቤቱ ባለቤቶች እንግዳ ጾሙን እንዳይወጣ አፍረው ነው የሚታረቁት።

ቤታቸው ከአንድ ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ። ሚኪያስ በሩን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ ተፈራን ሳመው። የሽሮ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሕይወት ሕፃኑን ናሆምን ታቅፋ ወጣች፤ ዓይኗ አብጧል። በቃ፣ አልኩ በልቤ፣ ጉድ ፈልቷል።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ። ውኃ ላምጣ? ጁስ?" አለች።

ተፈራ ቆሞ ቀረ። "አንቀመጥም፣ አንጠጣምም" አለ፣ እጁን ኮቱ ላይ አድርጎ። ትራኩ ከተወሰደ ወዲህ ያን ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ድሮ የማውቀው ድምፅ ነው። "ትዳር አጥር አለው። አጥሩ ሲነቃነቅ ነው ሽማግሌ የሚጠራው። እኛም የመጣነው ልጆቻችን ስለሆናችሁ ነው። ቂማችሁን ጥላችሁ ይቅር ለእግዚአብሔር ካልተባባላችሁ፣ ከዚህ ቤት ውኃም አይቀመስም።"

ሚኪያስና ሕይወት ተያዩ።

"ጋሼ፣ ማን ተጣላ?" አለ ሚኪያስ።

"አንተና ሚስትህ ናችኋ!"

"አልተጣላንም እኮ።"

"ታዲያ ይህ ዓይኗ ምንድን ነው?"

"ልንፋታ ስለሆነ ነው" አለች ሕይወት።

ተፈራ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ እሱ። ሳይጣሉ የሚፋቱ ሰዎች በዓለም ላይ እኛ ብቻ ነን ብዬ አስቤ ነበር፤ ሌሎችም ኖረዋል። አንቀመጥም ያልነው ተቀመጥን።

ሚኪያስ ነገሩን ዘረዘረው። ይሠራበት የነበረው መጋዘን ሌይ ኦፍ አድርጎ ከሥራ ቀንሶታል። አሁን በቀን ጥቂት ሰዓት ዕቃ ያደርሳል። ሕይወት ሆስፒታል በጽዳት ትሠራለች። የናሆም ዴይኬር፣ የሕፃናት ማቆያው ክፍያ፣ ብቻውን የእሷን ደመወዝ ይጨርሳል። የመንግሥት እርዳታ አፕላይ ቢያደርጉ፣ የሁለታችሁ ገቢ ሲደመር ከተፈቀደው ጥቂት አለፈ ተባሉ።

"አንድ ጓደኛዬ መላ ነገረን" አለ። "ወረቀት ላይ ብቻ ተፋቱ፣ እሷ ብቻዋን የምታሳድግ እናት ትሆናለች፣ ዴይኬሩም ኢንሹራንሱም ይሸፈናል፤ አንተ የእኔን አድራሻ ትጠቀማለህ፣ ማታ ቤትህ ትገባለህ አለን። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል አለን።"

"እኛን ለምን ጠራችሁን ታዲያ?" አልኩ።

ሕይወት ናሆምን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው። "ዋስ እንድትሆኑን ነው፣ እትዬ። ከፈረምን በኋላ አንዳችን ብንለወጥስ? እሱ ነፃ ሰው ነው፣ እኔም ነፃ ሰው ነኝ። ሕጉ አይይዘንም። ስለዚህ በእናንተ ፊት፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እንድንምል ፈለግን። ጋሼ የሚኪያስ ዋስ ይሁኑ፤ እርስዎ የእኔ። እናንተ ምስክር ከሆናችሁ ፍቺው ወረቀት ብቻ ይሆናል።"

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ በእኔ ቦታ ሁን። እነዚህ ልጆች ወረቀት ላይ ተፋተው ቤታቸው ውስጥ ባልና ሚስት ሆነው ሊኖሩ ነው። እኛ ወረቀት ላይ ባልና ሚስት ሆነን ቤታችን ውስጥ ከተፋታን ሁለት ወር ሊሞላን ነው። ለትዳራቸው ዋስ እንድንሆን የመረጡት ደግሞ እኛን ነው።

ተፈራ ቱግ አለ። "አላደርገውም! ይህ መንግሥትን ማታለል ነው፣ ቢደረስባችሁ ጦሱ ለልጃችሁ ይተርፋል። እሱስ ይቅር። ቃል ኪዳን የገባችሁት በቅዱስ ቁርባን ፊት ነው፤ ዛሬ ዴይኬር ተወደደ ብላችሁ ፈታነው ልትሉ ነው?"

"ጋሼ፣ አይቆጡ" አለ ሚኪያስ። ተክዟል፤ አክብሮቱ ግን አልቀረም። "እናንተ ስላልደረሰባችሁ ነው። የክፍያ ቢል ሲመጣ ፖስታ ሳጥኑን መክፈት የሚያስፈራ ጊዜ አላያችሁም።"

"እኛ እኮ እናንተን አይተን ነው የተጋባነው" አለች ሕይወት። "እንደ እናንተ ሁሉ ነገር የሞላለት ትዳር ቢኖረን እኛም እንዲህ አናስብም ነበር።"

ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። ልይዘው ሞከርኩ፣ አፌን በሻርቤ ሸፈንኩ፤ እምቢ አለኝ። ስስቅ ስስቅ እንባዬ ወረደ። ሕይወት ደንግጣ አየችኝ።

"ወይንሸት!" አለ ተፈራ፣ ቀስ ብሎ።

አልተመለስኩም። "ነገ እኮ ልንፋታ ነው" አልኳቸው። "ሰኞ ጠዋት። የምር ነው፤ የወረቀት አይደለም።"

ናሆም ከእናቱ እቅፍ ወርዶ የመጫወቻ መኪናውን ወለሉ ላይ እየገፋ ብርር ብርር ይላል። ተፈራ አንገቱን ደፋ። ሕይወት ግን ሄዳ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረበውን የሽሮ ድስት አንሥታ ወደ ምድጃው መለሰችው። ክዳኑን ገጠመችበት።

"እንግዲያውስ እኛም አናበላችሁም" አለች።

"ምን አልሽ?" አላት ተፈራ።

"ሳትታረቁ ውኃም አይቀመስም። እርስዎ ነዎት ያሉት።"

"ልጄ፣ ታናሽ ታላቁን አያስታርቅም።"

"ሌላ ማን አላችሁ ታዲያ?" አለች። ተፈራ በዋዜማው ለእኔ ያለኝን መልሳ ለእሱ አለችው። እጄን ይዛ ወደ መኝታ ቤት አስገባችኝ። ወደ ኋላዋም "ሚኪ፣ አንተ ጋሼን ጠይቅ!" አለችው።

የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷ ፊት ለፊቴ የልብስ ቅርጫት ገልብጣ ተቀመጠችበት። እንዲህ አድርጌ የስንቱን ሚስት አናግሬያለሁ፤ በተራዬ ስጠየቅ ግን እጄን የማደርግበት አጣሁ።

"ጋሼ ምን በደሉዎት?" አለችኝ።

"ምን ብዬ ልንገርሽ?"

"ይጠጣሉ?"

"ኧረ አይጠጣም።"

"መቱዎት? ሰደቡዎት?"

"ወግጅ!"

"ሌላ ሴት..."

"ተፈራ? ፊቱን መላጨት ያቆመ ሰው!"

"ታዲያ ምን አደረጉ?"

ብዙ ፈለግሁ። ነገር አላጣሁም፤ ያልተከፈለውን ሒሳብ፣ ያልተጠገነውን ዕቃ ሁሉ አሰብኩ። አንዱም በደል አይደለም። "ዝም አለኝ" አልኳት በመጨረሻ። "አብሮኝ እያለ ጥሎኝ ሄደ። ከዚያ እንለያይ አለኝ።"

"እሳቸው ናቸው ያሉት?"

"እሱ ነው።"

"እርስዎስ?"

"እሺ አልኩት።"

"መለየት ይፈልጋሉ?"

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። አለቀስኩ። ሥራ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ የልጆቹ አልጋ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩት። ሕይወት ጀርባዬን ትዳብሰኝ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሚኪያስ ናሆምን ትከሻው ላይ አድርጎ ገብቶ በሩ አጠገብ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሽምግልና ከወዲህ ወዲያ ቃል የሚያመላልሰው ሰው የሚቆመው እንደዚያ ነው፤ ሚኪያስ ከየት እንደተማረው እንጃ።

"ጋሼ ያሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርዎት" አለኝ። "የትራኩ ዕዳ ያለው በእሳቸው ስም ነው። ማደያ የሚያገኟቸው ሾፌሮች፣ ባለትዳር ከሆንክ የሚስትህንም ደመወዝ ይይዙታል አሏቸው። 'እሷ እንቅልፍ አጥታ የምታመጣውን፣ የሶስናን የኮሌጅ ገንዘብ በእኔ ምክንያት እንዳይወስዱባት ብዬ ነው እንለያይ ያልኳት' አሉ።"

"ለምን አልነገረኝም?"

"ብነግራት እምቢ ትላለች አሉ።" ናሆምን አስተካከለና ቀጠለ። "ደግሞ... 'ለምን ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ወዲያው እሺ አለችኝ፤ ሸክም ሆኜባት ኖሬያለሁ፣ ደስ ሳይላት አልቀረም' አሉ። አልቅሰዋል፣ እትዬ።"

እስከዚያ የነበረው ሐዘኔ ድንገት ንዴት ሆነ። ብድግ ብዬ ሳሎን ገባሁ። ተፈራ መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ይጠርጋል።

"አንተ ማን ስለሆንክ ነው ብቻህን የምትወስነው? ደመወዜን አድንልኝ ብዬሃለሁ?"

"ብነግርሽ እምቢ ትዪ ነበር።"

"እምቢ እላለሁ እንጂ! ሚስትህ አይደለሁም? ትራኩን ስንገዛ አብሬህ ባልፈርምም አብሬህ አልጨፈርኩም?"

"አንቺስ?" አለ፤ ቀና ብሎ አየኝ። ከወራት በኋላ መጀመሪያ ዓይኔን ያየኝ ያን ጊዜ ነው። "ዕድሜያችንን በአንድ 'እሺ' ስትዘጊው ምን ላስብ? ጫማሽን እንኳ አውልቀሽ አልጨረስሽም ነበር።"

"ልለምንህ ነበር?"

"ለምን ብትዪኝ በቂ ነበር።"

"ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ፤ ተራ በተራ" አለ ሚኪያስ፣ መሃላችን ገብቶ። ነገር ግን የምንለው አልቆ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሕይወት በር ላይ እንደቆመች ተራ በተራ አየችን። "ቆይ ቆይ" አለች። "ጋሼም ሊያደርጉ የነበረው እኛ የምናደርገውን ነዋ! ወረቀት ላይ ብቻ!"

"አዎ" አለ ተፈራ። መነጽሩን መልሶ አደረገ። "እኔም በልቤ ወረቀት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዕዳው ሲያልቅ እንመለሳለን ብዬ ነበር። አየሽ ግን ልጄ፣ እስካሁን ወረቀቱን እንኳ አልነካነውም። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። አንድ ቤት ውስጥ ሆኜ ወይንሸት ስታስል እሰማለሁ፤ ገብቼ ውኃ ልስጥሽ ማለት አፍራለሁ። ምኗ ነኝ ብዬ? እናንተ ደግሞ በፊርማ ልታደርጉት ነው። የእሱ ዕቃ ጓደኛው ቤት፣ ስሙ ሌላ አድራሻ ላይ። አንድ ቀን በሆነ ባልሆነው ስትኮራረፉ 'ሂድ፣ ባሌ አይደለህም' ትዪዋለሽ። ሊሄድ ይችላል።"

ሚኪያስ ወደ ሚስቱ አየ። እሷ ፈጥና ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

ተፈራ የተናገረውን ዛሬም አስበዋለሁ። በወጣትነቱም ብዙ አይናገርም፤ ስለ መንገድ፣ ስለ ሞተር፣ ስለ ሶስና ነው የሚያወራው። "ስታስል እሰማለሁ" ያለውን ሰምቼ በእሱ ላይ ቂም መያዝ አቃተኝ።

ሕይወት ቀልቧን ስትመልስ "ዴይኬሩስ?" አለች፤ ትክክል ነበረች። ስለ ትዳር ጥሩ ተናገርን ተብሎ ክፍያ አይቀርም።

ተፈራን አየሁት። ናሆም ከአባቱ ትከሻ ወርዶ የመጫወቻ መኪናውን እየገፋ መጥቶ የእሱ ጫማ ላይ አቁሟል።

"ተፈራ ቀን ቤት ነው የሚውለው" አልኩ።

"እኔ?" አለ። "እኔ ሞግዚት ልሁን?"

"በአባታቸው ቦታ ቆመህ መርቀህ አልዳርካቸውም? አያት ነህ እንጂ ምን ሞግዚት አለው!"

ሊከራከር ሲል ናሆም ሱሪውን ይዞ ቆመ። ተፈራ ጎንበስ ብሎ አነሣው። ልጁ ወዲያው መነጽሩን ነጠቀው። "ይህ ልጅ ነጂ ነው የሚሆነው፣ እጁ ጥሩ ነው" አለ፤ መነጽሩን ለማስመለስም አልሞከረም። በሱ አነጋገር እሺ ማለቱ ነበር።

ሚኪያስ ሥርዓቱን አልዘነጋም። "ሁለታችሁም ቅረቡ" አለን። እሱ በዕድሜ ልጃችን ሊሆን የሚችል ሰው፣ ተፈራን "ተነሥተው ይቅር ይበሉ" ሲለው ተፈራ ናሆምን ለእናቱ ሰጥቶ ተነሣ። ጉልበቴን ሊስም ዝቅ ሲል ወገቡ ያዘው፤ እኔ ክንዱን ደግፌ ቀና አደረግሁት። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለኝ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኩት። ሽማግሌ መመረቅ ነበረበት፤ ልጆቹ ምርቃቱን አያውቁትም። ተያይተው ሲቸገሩ ተፈራ እጁን ዘርግቶ ራሱ መረቀ፤ እነሱንም፣ እኔንም፣ የራሱን ዕርቅም። እኛ አሜን አልን። ሽሮው ደርቆ ነበር። እንዲያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻ ልናስገባ አልሄድንም። በዚያው ሳምንት ሕግ የሚያውቅ ሰው ፈልገን አብረን አማከርን፤ የማደያው ወሬ ግማሹም እኛን እንደማይመለከት ነገረን። ዕዳው ግን እውነት ነው፤ እስከ ዛሬ በየወሩ እንከፍላለን። ቤት አልገዛንም። ተፈራ ማታ ይነዳል፤ ቀን ደግሞ ናሆምን በጋሪ እየገፋ የሴንት ሉዊስ ፓርክን መንገድ ሁሉ ጨርሶታል። ሕይወትና ሚኪያስ ወረቀቱን ተዉት። ይጣላሉ፤ ባለፈው ወር በስልክ ሒሳብ ተጣልተው ሕይወት እኛ ጋ መጥታ አድራለች። ሲነጋ ሚኪያስ መጥቶ ወሰዳት።

ይህን የጻፍኩት ችግር ፍቅርን ያጸናል ልላችሁ አይደለም። አያጸናም፤ ችግር ክፉ ነው። ሰው ራሱን የቤቱ ትርፍ ዕቃ አድርጎ እንዲያይ ያደርጋል፤ ከዚያ አንዱ ለሌላው አዝኖ ራሱን ያወጣል፣ ሌላውም ኮርቶ በሩን ይዘጋል። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ ዝምታ ከገባ፣ ያ ሰው አንድ ቀን ዓይናችሁን ሳያይ ብንለያይ ይሻላል ካለ፣ እባካችሁ ለምን በሉት። መለመን አይደለም። እኔ መለመን መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሰሞን ልብስ እያጣጠፍን፣ ከብዙ ማመንታት በኋላ ጠየቅሁት።

"ያን ቅዳሜ ሕይወት ባትደውል ኖሮ፣ ሰኞ ትሄድ ነበር?"

የያዘውን ካልሲ አጣጥፎ አስቀመጠ።

"እሄድ ነበር" አለኝ። "አንቺስ?"

"እኔም እሄድ ነበር" አልኩት።